ካደጉ በኋላ ቴኒስ መጀመር፦ የግል አሰልጣኝ፣ ቡድን፣ ጓደኛ ወይስ ግድግዳ?

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቴኒስ ልጀምር የሚል ሰው አፉን ሲከፍት የሚጠይቀው «የትኛውን ራኬት ልግዛ?» ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም። ተራው ግን ገና ነው። መጀመሪያ የሚመጣው «ከማን ጋር ነው የምጫወተው?» የሚለው ነው።

መሮጥ ከፈለጋችሁ ጫማ አስራችሁ ትወጣላችሁ። ጂምም ማንንም አያስጠብቃችሁም። ቴኒስ ግን ከመረቡ ማዶ ቆሞ ኳሷን የሚመልስ ሰው ይፈልጋል። ያውም ችሎታው ከናንተ ብዙ ያልራቀ፣ ሰዓቱ ከሰዓታችሁ የሚገጥም፣ ሰፈሩም የማይርቅ ሰው። ጀምረው የተዉትን ጠይቋቸው። «ከበደኝ» የሚሉት ጥቂት ናቸው። «ጓደኛዬ ተወው»፣ «አሰልጣኙ ጊዜ አጣ»፣ «ክፍያው በዛብኝ»፣ «ትራፊኩ ገደለኝ» ነው መልሱ።

ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

መመዘኛዎቹ

አንደኛ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ኳስ ትመታላችሁ? እጅ የሚለምደው በመምታት ነው፤ ወረፋ በመጠበቅና ኳስ በመልቀም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስትሳሳቱ ማን ያርማችኋል? አዋቂ ሰው የተሳሳተ አመታት ቶሎ ይለምዳል፤ ሲተወው ግን ወራት ይፈጅበታል።

ሦስተኛ፣ በወር ስንት ይወጣል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የሚነገራችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ የአሰልጣኙ ብቻ ነው። የሜዳው ኪራይ ለብቻው ነው። ማታ ከሆነ መብራት ሊጨመር ይችላል። ኳስ ለሚለቅሙት ልጆች ጉርሻ አለ። የራይድ ወይም የቤንዚን ወጪም አለ። ሁሉንም ደምራችሁ በወር አስቡት።

አራተኛ፣ ከሦስት ወር በኋላ አብሯችሁ የሚጫወት ሰው ታገኛላችሁ ወይ? እኔ ከሁሉም አብልጬ የማየው ይህንን ነው።

አምስተኛ፣ ክርናችሁና ጉልበታችሁ ይችሉታል ወይ?

የግል አሰልጣኝ

ጥሩ አሰልጣኝ ኳስ የሞላ ቅርጫት ይዞ ከመረቡ ማዶ ይቆማል። አንድ በአንድ ይወረውርላችኋል። በአንድ ሰዓት ሁለት መቶ ኳስ መምታት ብርቅ አይደለም። እጀታውን እንዴት እንደምትይዙ፣ ኳሷን ከሰውነታችሁ ምን ያህል አርቃችሁ መምታት እንዳለባችሁ፣ እግራችሁ የት እንደሚያርፍ እያየ ያርማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን የሚተካ ነገር የለም።

ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። አሰልጣኙ ኳሷን የሚልክላችሁ በምትመቻችሁ ቦታ፣ በምትመቻችሁ ፍጥነት ነው። ሥራው ስለሆነ። ሌላ ሰው ግን እንደዚያ አይልክላችሁም። ዓመት ሙሉ ከአሰልጣኝ ጋር ብቻ የተለማመደ ሰው ፎርሃንዱ (መዳፉን ወደ ፊት አድርጎ የሚመታው ምት) ያምራል። ነጥብ እየተቆጠረ ሲጫወት ግን ሁለተኛ ሰርቩን (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት ሁለተኛ ሙከራ) መረብ ውስጥ ይከታል። ከሌላ ሰው ጋር ተጫውቶ አያውቅማ።

አሰልጣኝ ስትመርጡ የመጀመሪያውን ትምህርት በደንብ ታዘቡት። ከመረቡ አጠገብ በቀስታ ያስጀምራል ወይስ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ መስመር ይወስዳችኋል? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያርማል ወይስ ክንድ፣ እግር፣ ትከሻ፣ ዓይን እያለ ያደናግራችኋል? በየመሀሉ ስልክ ያነሳል? ሰርቭንስ «በኋላ ትደርሱበታላችሁ» ብሎ ያዘገየዋል? ሰርቭ የሌለው ሰው ጨዋታ መጀመር አይችልም። በመጀመሪያው ወር ውስጥ ቢያንስ መልኩን ማየት አለባችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ኮች፣ እንደኔ ጀማሪ የሆነ ሌላ ተማሪ አለህ?» አሰልጣኞች ብዙ ሰው ያውቃሉ። እናንተን የምትመስል ሴትዮ ማክሰኞ ጠዋት ልትኖር ትችላለች። እሷም አጣማሪ አጥታ ይሆናል።

ይህ ወደምወደው አማራጭ ይወስደናል፦ ሁለት ሆኖ አንድ አሰልጣኝ መቅጠር። ክፍያው ለሁለት ይካፈላል። የምትመቱት ኳስ ይቀንሳል፤ ግን አንዱ ሲመታ ሌላው ትንፋሽ ይሰበስባል፤ ለጀማሪ ደግሞ ያ አይጎዳም። ዋናው ትርፍ አጣማሪያችሁ አብሯችሁ ማደጉ ነው። አሰልጣኙ ባልመጣ ቀንም ሁለታችሁ ሜዳ ተከራይታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። በጀት ቢኖረኝም ባይኖረኝም የምመርጠው ይህንን ነው።

የቡድን ትምህርት

በአንድ ሜዳ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ከሆነ ጥሩ ነው። ስምንት ሲሞላ ወረፋ ይበዛል፤ ቆማችሁ የምታወሩበት ጊዜ ከምትመቱበት ይበልጣል። እርማቱም ለሁሉም በጅምላ ይሆናል። በሌላ በኩል አጣማሪ ለማግኘት ከቡድን የሚሻል የለም። ከክፍሉ ወጥቶ የቴሌግራም ግሩፕ የሚከፍት አንድ ቀልጣፋ ሰው አይጠፋም።

አሜሪካ ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። የከተማና የካውንቲ መናፈሻ ጽሕፈት ቤቶች ለአዋቂ ጀማሪዎች የቡድን ትምህርት ያዘጋጃሉ፤ ብዙዎቹ የመናፈሻ ሜዳዎችም ነፃ ናቸው። የተጫዋቾች የችሎታ ደረጃም ከ1.0 እስከ 7.0 በቁጥር የተከፋፈለ ነው። ስትመዘገቡ ዝቅ ያለውን ምረጡ። «ኳስ ተጫውቼ ስላደግሁ» ብላችሁ 3.0 ውስጥ ከገባችሁ ቅዳሜያችሁ ይበላሻል።

አዲስ አበባ ላይ የቡድን ትምህርት በብዛት ለልጆች ነው። ለአዋቂ ካጣችሁ ከመሥሪያ ቤት ሦስት ሰው ሰብስባችሁ ራሳችሁ አሰልጣኝ አነጋግሩ።

ከጓደኛ ጋር

ሁለት ጀማሪዎች ሙሉ ሜዳ ላይ፣ በመደበኛ ኳስ፣ ያለ አሰልጣኝ ሲገናኙ የሚሆነው የታወቀ ነው። አንዱ ሰርቭ ያደርጋል፤ መረብ። ደግሞ ያደርጋል፤ አጥር። ሌላው በስንት መከራ ይመልሳታል፤ ጎረቤት ሜዳ። ከአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሹ ኳስ በመልቀም ያልቃል። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ይወጣሉ፤ ግን ከጨዋታው ሳይሆን ከልቀማው ነው።

መድኃኒቱ ሜዳውን ማሳነስ ነው። የሰርቭ መስመሩ ከመረቡ 6.40 ሜትር ላይ ነው። ሁለታችሁም ከዚያ መስመር አትውጡ። ነጥብ አትቁጠሩ፤ ስንት ጊዜ ሳትወድቅ እንደተመላለሰች ቁጠሩ። አሥር ስትሞላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።

ሌላው መድኃኒት ዘገምተኛ ኳስ ነው። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ለጀማሪዎች የሚሆን ዘመቻ ሲጀምር ያስተዋወቃቸው ሦስት ኳሶች አሉ። ቀዩ ከመደበኛው 75 በመቶ ይዘገያል፤ ብርቱካናማው 50፤ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት 25። አዋቂዎች «የልጅ ኳስ» ብለው ያፍሩበታል። አትፈሩ። ኳሷ ስትዘገይ ለመዘጋጀት ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ምልልሱም በመጀመሪያው ቀን ይመጣል።

ጓደኛችሁ ጎበዝ ከሆነስ? ሁለት ሦስት ጊዜ ደስ ብሎት ይመጣል። ከዚያ ሥራ ይበዛበታል። አትቀየሙት። እንደ ዋና እቅድ ግን አትቁጠሩት። ባልና ሚስት ደግሞ አብራችሁ ተማሩ እንጂ አንዳችሁ ሌላችሁን አታስተምሩ፤ ሰላማችሁ ይበልጣል።

ግድግዳ

ከሁሉም ርካሹ ነው። ለመምታት ብዛት ደግሞ ማንም አይደርስበትም። ኖራ ወይም ጠመኔ ውሰዱና ከመሬት 91 ሳንቲ ሜትር ላይ መስመር አስምሩ፤ የመረቡ መሀል ቁመት ያ ነው። ስድስት ሰባት ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ኳሷ ሁለት ጊዜ እስክትነጥር ብትጠብቁም ማንም አይከሳችሁም።

ችግሩ ግድግዳ አያርምም፤ ቶሎ ይመልሳል፤ ሳትዘጋጁ ትደርስባችኋለች። ስለዚህ እጅን አሳጥሮ መጎሰም ይለመዳል። በተለይ ትምህርት ቤት ፒንግፖንግ የተጫወታችሁ ተጠንቀቁ። ዓይናችሁና እጃችሁ ፈጣን ነው፤ ኳሷን መሳት አታውቁም። ግን በእጅ አንጓ ነው የምትመቱት። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 2.7 ግራም ነው፤ የሜዳው ቴኒስ ኳስ ከ56 ግራም ይጀምራል። አንጓ ይህን አይችልም፤ ቅጣቱ ክርን ላይ ይወጣል። ኳስ ተጫዋች የነበራችሁ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እጃችሁ ገር ቢሆንም እግራችሁ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ትልቁ ሀብት ነው።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ አትሞክሩት። ጎረቤት ለሳምንት ቢታገስ ነው።

ቪዲዮና ፓድል፣ ባጭሩ

ቪዲዮ ማየት ብቻውን አያስተምርም። ራሳችሁን መቅረጽ ግን ይጠቅማል። ስልኩን ከኋላችሁ አጥሩ ላይ አስቀምጡና አሥር ደቂቃ ቅረጹ። የምታስቡት አመታትና የምታዩት አይገናኙም።

ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ፓድል የሚባለውን የቴኒስ ዘመድ ጨዋታ በየቦታው ታያላችሁ። ሜዳው 20 በ10 ሜትር ነው፤ ግድግዳው በመስታወት የታጠረ፤ ሰርቩ ከታች የሚመታ፤ አራት ሰው አብሮ የሚጫወተው። በመጀመሪያው ቀን ምልልስ ይመጣል። የምትፈልጉት ላብና ጨዋታ ብቻ ከሆነ ፓድል ይቀላል። ቴኒስን ከፈለጋችሁ ግን ፓድል አቋራጭ አይሆንም፤ አመታቱ ሌላ ነው።

ባንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የሚመታ ኳስ | እርማት | የወር ወጪ | አጣማሪ ያስገኛል? | ለክርን |
|---|---|---|---|---|---|
| የግል አሰልጣኝ | በጣም ብዙ | ከሁሉ የተሻለ | ከፍተኛ | ካልጠየቃችሁ አያስገኝም | ጥሩ |
| ሁለት ሆኖ አንድ አሰልጣኝ | ብዙ | ጥሩ | መካከለኛ | አዎ፣ ከመጀመሪያው ቀን | ጥሩ |
| ቡድን (4–6 ሰው) | መካከለኛ | በጅምላ | ዝቅተኛ | አዎ | ጥሩ |
| ጓደኛ፣ ትንሽ ሜዳ | መካከለኛ | የለም | ዝቅተኛ | አለ፣ እስካልሰለቸ | መካከለኛ |
| ጓደኛ፣ ሙሉ ሜዳ | ጥቂት | የለም | ዝቅተኛ | አለ፣ ቶሎ ይሰለቻል | መካከለኛ |
| ግድግዳ | በጣም ብዙ | የለም | ከሁሉም ያነሰ | የለም | ከበዛ ይጎዳል |

ሜዳ

አዲስ አበባ ውስጥ ሒልተን፣ ጁቬንቱስ ክለብ፣ አዲስ አበባ ቴኒስ ክለብ ስማቸው የታወቀ ነው። ምርጫው አባልነት ወይስ በሰዓት መክፈል የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። የዓመቱን የአባልነት ክፍያ ለአንድ ሰዓት ኪራይ አካፍሉት። 40 ከመጣ፣ ከ40 ሰዓት በላይ ካልተጫወታችሁ ኪሳራ ነው ማለት ነው። ይህን ስታስቡ ክረምቱን ቀንሱ። የአፈር ሜዳ ዝናብ ካገኘው ቶሎ አይደርቅም፤ ሲሚንቶ ቶሎ ይደርቃል። በሌላ በኩል አፈር ለጉልበት ይራራል፤ ኳሷንም ስለሚያዘገያት ለጀማሪ ይመቻል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አባልነት አትግዙ። ቅርብ የሆነውን ሜዳ ምረጡ። ሩቅ ያለ ጥሩ ሜዳ ዓርብ ማታ ማንም አይሄድበትም።

ኳስ፦ ደጋ ላይ ያለነው ችግር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። መደበኛ የቴኒስ ኳስ ደግሞ በውስጡ የታመቀ አየር አለው። የውጭው ግፊት ሲያንስ ኳሷ ትወጠራለች፤ ከፍ ብላ ትነጥራለች። አየሩም ስስ ስለሆነ አይዛትም፤ ረጅም ትሄዳለች። ጀማሪው ኳሷ ከመስመር ስትወጣ «ኃይል አበዛሁ» ብሎ እጁን ይይዛል፤ አመታቱ ይበላሻል። ጥፋቱ የኳሷ ነው።

የቴኒስ ሕግ ይህን ያውቃል። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚጫወት የተለየ ኳስ ፈቅዷል፤ ጣሳው ላይ ለከፍታ ቦታ እንደተሠራ ይጻፋል። ሐዋሳም ባሕር ዳርም ከዚህ መስመር በላይ ናቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል ከራኬት በፊት የከፍታ ኳስ እዘዙ።

እሱ ካልተገኘ አረንጓዴ ነጥብ ያለበትን ውሰዱ። ግፊት የሌለው ኳስም አለ፤ ውስጡ የታመቀ አየር ስለሌለው ከጊዜ ጋር አይሞትም። ሲመታ ጠጠር ይላል፤ ለግድግዳ ግን ምርጥ ነው፤ ዓመት ይቆያል። ምንም ከጠፋ ሌሎች ተጫውተው የጣሉት፣ ትንሽ የተነፈሰ ኳስ ከአዲስ ጣሳ ይሻላችኋል። ርካሽም ነው።

ጫማና ራኬት

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጫማ ግዙ፤ ራኬት ተዋሱ። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለመሄድ ነው። ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው። ቴኒስ ደግሞ ወደ ጎን መቁረጥ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ላይ ነው። የቴኒስ ጫማ ካጣችሁ ዝቅ ያለና ጎኑ ጠንካራ የሆነ ፈልጉ።

ራኬቱ ፊቱ ከ100 እስከ 105 ካሬ ኢንች፣ ክብደቱ ያለ ክር ከ260 እስከ 285 ግራም ይሁን። ባለሙያዎች የያዙት ከ300 ግራም በላይ፣ ፊቱ 98 የሆነው ያምራል፤ ግን ኳሷ መሀሉን ስትስት ይቅር አይላችሁም። እጀታውን ጨብጡት፤ በጣቶቻችሁ ጫፍና በመዳፋችሁ መካከል የሌላኛው እጅ አንድ ጣት ከገባ ልክ ነው።

ርካሾቹ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ናቸው። ለመሞከር ይሆናሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የምትጫወቱ ከሆነ ንዝረቱ ክንድ ላይ ይደርሳል። ከአዲስ አሉሚኒየም ያገለገለ ግራፋይት ይሻላል። ያገለገለ ስትገዙ የፊቱን አናት በጥፍራችሁ ዳሱት፤ ስንጥቅ ያለው እዚያ ነው። አንቀጥቅጡትና ውስጡ የሚንኳኳ ነገር እንዳለ አዳምጡ። ክሩ ፖሊስተር ከሆነ አስቀይሩት፤ ጠንካራ ስለሆነ ክርን ያሳምማል። ለስላሳ ሰው ሠራሽ ክር በ22 ወይም 23 ኪሎ ውጥረት ይበቃችኋል። ክሩ መሀል የምትሰካው ትንሽ ላስቲክ ድምፅ ትቀንሳለች እንጂ ክርን አታድንም።

ለማን የትኛው?

ገንዘብ የሌለው ተማሪ ወይም አዲስ ተቀጣሪ፦ ግድግዳ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ትንሽ ሜዳ ከጓደኛ ጋር አንድ ቀን። በወር አንድ ጊዜ ግን ለአንድ ሰዓት አሰልጣኝ ቅጠሩ። ያቺ አንድ ሰዓት የወሩን ስህተት ታወጣለች።

ደሞዝ ያለው፣ ጊዜ የሌለው፦ ሁለት ሆናችሁ አሰልጣኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት። ማታ ትራፊክም ስብሰባም አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱም የሉም።

ገንዘቡ የማይቸግረው፦ ለስድስት ሳምንት የግል አሰልጣኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ፍለጋ። ከዚያ በላይ ብቻችሁን አትቆዩ። ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሌላ ቆላ ከተማ ስትሄዱ ደግሞ ኳሷ የሞተች ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ አየሩ ነው የወፈረው።

ሰው ለመተዋወቅ የሚፈልግ፣ በተለይ ውጭ አገር ብቸኝነት የያዘው፦ ቡድን። የኮፐንሃገን ነዋሪዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ቴኒስ ተጫዋቾች ስፖርት ከማይሠሩት በአማካይ 9.7 ዓመት፣ ኳስ ተጫዋቾች 4.7 ዓመት ይበልጥ እንደሚኖሩ አግኝቷል። ቴኒሱ ነው ወይስ ቴኒስ የሚያስጫውተው ኑሮ፣ ጥናቱ አይለይም። ተመራማሪዎቹ ግን ከሰው ጋር መገናኘቱን እንደ አንድ ምክንያት ጠርጥረዋል። እኔም እጠረጥራለሁ።

ሃምሳን ያለፈ ወይም ክርኑ አስቀድሞ የሚያመው፦ ደም ግፊት ወይም ልብ ካለ መጀመሪያ ሐኪም። ከዚያ የአፈር ሜዳ፣ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ኳስ፣ 105 ካሬ ኢንች ራኬት፣ ደብል (ሁለት ለሁለት) ጨዋታ። በተከታታይ ቀናት አትጫወቱ። ትከሻችሁ ሰርቭ ላይ ካስቸገራችሁ ለጥቂት ሳምንት ከታች ምቱት። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ደረጃቸው ከፍ ያለ ተጫዋቾችም አንዳንዴ ያደርጉታል።